ቄሱ የዋጣቸው አራት መስመሮች

ሸዋጌጥ መስመር የምትቆጥር ሴት ነበረች። ልማዱን ያመጣባት ሥራዋ ነው። ነቀምቴ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ዘጠኝ ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት ስትሠራ፣ የፈተና ጥያቄ በማባዣው ወረቀት በስቴንስል ላይ የምትመታው እሷ ነበረች። አንድ መስመር ከዘለለች ሦስት መቶ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያጣል። ስለዚህ የተሰጣትን ጽሑፍ ከመጀመሯ በፊት በእርሳስ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች በየአምስት መስመሩ ትንሽ ሰረዝ ትጥልበታለች፤ መትታ ስትጨርስም የራሷን ትቆጥርና ሁለቱን ታስተያያለች።

አስተማሪዎቹ ይቀልዱባት ነበር።

"ሸዋጌጥ እኮ አቡነ ዘበሰማያትንም ቆጥራ ነው አሜን የምትለው።"

"ከጎደለ ማን ሊሞላልኝ ነው?" ትላለች፣ ከማሽኑ ላይ ቀና ሳትል።

በ1957 ዓ.ም. ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሸዋ መጥተው እዚያው ነቀምቴ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም እናቷም ካረፉ በኋላ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ በላይ ነው። በላይ በአባቱ መንገድ ሄዶ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ቤቱንም እንደ መዝገብ ቤት ነበር የሚይዘው፤ እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ቀን አለው፣ ባለጉዳይ አለው፣ ውሳኔ አለው። ውሳኔውም የእሱ ነው።

መጽሐፉ እጇ የገባው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የህንድ አስተማሪ ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ ሣጥን መጻሕፍት ትቶ ሄዶ ነበር። ዳይሬክተሩ ከውስጡ አንዱን አውጥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ "ይሄ ለተማሪ አይሆንም፤ ከሚወገዱት ጋር መዝግቢው" ብለው ጠረጴዛዋ ላይ ጣሉት። መዘገበችው። ከሚወገዱት ጋር ግን አልሄደም።

አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ አንድ ጥጉን አይጥ የቀመሰው ቀጭን መጽሐፍ ነው። በውስጡ ያለው የጥንት ሮማውያን የፍቅር ግጥም ነው፤ በግራው ገጽ ላቲኑ፣ በቀኙ ገጽ ደግሞ እንግሊዞች በግጥም የመለሱት። ከላቲኑ አንድ ቃል አታውቅም። እንግሊዝኛውን ግን ዘጠኝ ዓመት ስትመታው የኖረች ናት፤ የጎደለውን መዝገበ ቃላት ይሞላላታል። በምሳ ሰዓት፣ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥሞቹን ወደ አማርኛ ትመልስ ጀመር። ማንም አላዘዛትም። ለምን ተብላ ብትጠየቅም የሚመች መልስ አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ስትገለብጥ የምትውል ሴት አንድ ሰዓት የራሷን ቃል ብትፈልግ ምን ይገርማል?

ተርጓሚዎቹ ብዙ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ስማቸው በትንንሽ ፊደል ታትሟል። ስሞቹ ምንም ስላላሏት የራሷን አወጣችላቸው። አንደኛው "ወታደሩ" ነው፤ ስንኙ አጭር፣ ቤት ሲመታ እንደ ቡትስ ጫማ ጓ የሚል። ሌላው "ዘፋኙ" ነው፤ ቤት እንዲመታለት ሲል ከየትም አበባና ጨረቃ እያመጣ የሚሰካ። የዚህ ሰው ግጥም ሁልጊዜ ከግራው ገጽ ይረዝማል፤ ሸዋጌጥ የነቃችበትም በዚህ ነው። ሦስተኛውን "ቄሱ" አለችው። በመግቢያው እንደተጻፈው በእርግጥም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ፣ ለጨዋ ቤት ልጃገረዶች እንዲሆን አድርጎ የተረጎመ። ቄሱ ልከኛ ነው። በግራ ሃያ መስመር ካለ በቀኝም ሃያ ነው። ከሁሉም አብልጣ የምታምነው እሱን ነበር።

በዚህ መካከል ደግሞ ባይሳ አለ። ባይሳ የዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለችው ከአኖ ከተማ የመጣ፣ ረጅም፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ንግግሩን ሰፍሮ የሚያወጣ ሰው። ከሸዋጌጥ ጋር መተያየት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መተያየታቸውም ይህን ያህል ነው፤ እሱ የፈተና ጥያቄ ይዞ ይመጣና "ቶሎ አድርሺልኝ አልልሽም" ይላታል፣ እሷ ከሁሉም ቀድማ የእሱን ትመታለች።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኳል። በመጀመሪያው በላይ ሽማግሎቹን ቁጭ በሉ ሳይላቸው እደጅ አቁሞ መለሳቸው። በሁለተኛው "አስቤ እነግራችኋለሁ" አለና በሳምንቱ ለጊምቢው የቡና ነጋዴ ለአቶ ተድላ ቃል ሰጠ። አቶ ተድላ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዕድሜው አርባ አምስትን ያለፈ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ትውልዱም ከእነሱው አገር ከሸዋ ነው። "አባታችን ቢኖሩ ለማን እንደሚሰጡሽ አውቃለሁ" አላት በላይ። የአቶ ተድላ ሽማግሎች መስከረም ላይ እንዲመጡ ቀን ተቆረጠ።

ባይሳ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"ሦስተኛ ሽማግሌ እልካለሁ።"

"ቢመልሳቸውስ?"

"አራተኛ።"

"እስክሸብት?"

"ምን ላድርግ ሸዋዬ? ደንቡ ነው። ወንድምሽን ሳልጠይቅ በየት በኩል ልግባ?"

በግንቦት መጨረሻ ሸዋጌጥ ቄሱ ከተረጎማቸው ግጥሞች ወደ መጨረሻው ደረሰች። አንድ ሰው የሚወዳት ሴት ደጃፍ ላይ፣ ድንጋይ ተንተርሶ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሩን ሲለምን ያድራል። ዝናብ ይወርድበታል። ራሱ ላይ የደፋው የአበባ ጉንጉን ይረግፋል። የበሩን ማጠፊያ ያባብላል፤ መወርወሪያውን ይራገማል፤ መድረኩን ይስማል። ሲነጋ የረገፈውን ጉንጉን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሸዋጌጥ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተናደደች። "ተነሥ አንተ!" አለች ባዶው ቢሮ ውስጥ ጮክ ብላ። የማንን ፊት እያየች እንደተናገረች ስታውቅ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

ከዚያ እንደ ልማዷ ቆጠረች። በቀኝ ሃያ አራት። በግራ ሃያ ስምንት።

ደግማ ቆጠረች። ቄሱ በሌሎቹ አሥራ አንድ ግጥሞቹ አንዲት መስመር አላጎደለም። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጋ በእርሳስ ስታስተያይ ቦታውን አገኘችው። በግራው ገጽ መጨረሻ አካባቢ፣ ከንጋቱ በፊት፣ ጥቅስ የተከፈተበትና የተዘጋበት አራት መስመር አለ። በቀኙ ገጽ ጥቅስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው ተናግሯል፤ ቄሱም የሰውየውን ቃል ውጦታል።

ነቀምቴ ውስጥ ላቲን የሚያውቅ ከተባለ የካቶሊኩ ካህን አባ ገብረኪዳን ናቸው። ሸዋጌጥ የኦርቶዶክሶቹ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት፤ ካቶሊኮች ግቢ ስትገባ የሚያያት ሰው ምን እንደሚል ታውቃለች። በቀትር፣ በዋናው በር ገባች። አባ ገብረኪዳን ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው መጽሐፉን ተቀበሉ።

"ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከሚወገዱት መጻሕፍት ውስጥ ነው አባ።"

"ይወገድ ያለው ሰው አልተሳሳተም።" ግን አልመለሱላትም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ፤ አንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው።

"እነዚህን አራት መስመሮች ብቻ ይንገሩኝ።"

"አያስፈልጉሽም።"

"እርስዎ አንብበዋቸው የለም እንዴ?"

"እኔማ አንብቤያለሁ።"

"ታዲያ እርስዎን ምን አደረጉዎት? ጆሮዎ ቀላ እንጂ ሌላ ነገር ሲሆኑ አላየሁም።"

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከጎመኑ ሳይነቅሉ ነገሯት። የምትናገረው ሴቲቱ ናት፤ ከውስጥ ሆና። ሌሊቱን ሙሉ በሩን ስትለምን እኔን አንድ ጊዜ አልጠየቅኸኝም ትለዋለች። ዘበኛው ተኝቷል፣ ቁልፉ ያለው ከእኔ ዘንድ ነው፤ ተነሥ፣ የምመጣው እኔ ነኝ ትላለች።

"ሌላ ነገር የለውም?" አለች ሸዋጌጥ። "ብልግና የለውም?"

"ብልግናማ ቢሆን ለስለስ አድርጎ ያልፈው ነበር፤ ሌላውን እንደዚያ አድርጎታልና። ይሄኛው ደፋር ነው፤ ሴቲቱ ራሷ መጣች። ይህን ለስለስ ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ቆርጦ ጣለው።"

"ሰውየውስ? ስትናገር እየሰማት ነው ጥሎ የሚሄደው?"

"አልሰማትም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር ይላል። ይህንንም አልነገረሽ እንግሊዙ?"

በማግስቱ ግጥሙን በሙሉ፣ ሃያ ስምንቱንም መስመር፣ በአማርኛ መታችው። አራቱ እንዲህ ወጡ፤

በሩን ስትለምነው ሌሊትህ አለቀ፤
ሳንቃ ምን ያውቅና፣ እኔን ማን ጠየቀ?
ዘበኛው ተኝቷል፣ ቁልፉ ከእኔ ጋ ነው፤
ተነሥ ከድንጋዩ፣ እኔ ነኝ ምመጣው።

ዋናውን ለባይሳ ሰጠችው። ካርቦን ቅጁን ቤት ወስዳ አልጋዋ አጠገብ፣ ዳዊቷ ውስጥ አኖረችው። በላይ ያገኘው እዚያ ነው። ዳዊቱን የፈለገው ለጸሎት ነበር።

አሁን የሆነውን ነገር መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አያደርገውም። በላይ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እህቱን ከፊቱ አቆማት፤ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ "ዘበኛው"፣ "ቁልፉ" እና "እኔ ነኝ ምመጣው" ከሚሉት ሥር አሰመረ።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"አንድ የሮማ ሰው።"

"አድራሻው?"

"ሞቷል ጋሼ።"

"መቼ?"

"ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው።"

"ሸዋጌጥ፣ እኔ ላይ አትቀልጂ። በታይፕ ተመትቷል፤ ማሽኑም ያንቺው ነው። ፊደል 'ጠ' ወገቡ የተሰበረ ማሽን ነቀምቴ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው።"

"የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ግጥም ነው። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ይኸውና።"

"እንግሊዝኛው ውስጥ ይሄ ዘበኛ የት አለ? አሳዪኝ።"

ምን ታሳየው? ቄሱ ውጦታል። መጽሐፉን ገልጣ ሃያ አራቱን መስመር ስታሳየው፣ በላይ ጣቱን እየጎተተ እስከ ታች ወረደና ራሱን ነቀነቀ። በእሱ ዓይን ነገሩ ተዘግቷል። እህቱ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ለመጥፋት ቀን ቆርጣለች፤ የግቢውን ዘበኛ አስተኝታለች፤ ቁልፍ አስቀርጻለች። በዚያው ዕለት የበሩን ቁልፍ አስቀየረ፤ ለአቶ ተድላም ስልክ ደወለ። ሽማግሎቹ መስከረም ላይ ሳይሆን በሚመጣው እሑድ እንዲመጡ ተነጋገሩ። "ከነገ ጀምሮ ሥራ አትሄጂም" አላት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወረቀቱ ግጥም ነበር። ሸዋጌጥ ሽሽትም ጠለፋም አላሰበችም። ቁጭ ብላ በቀይ የተሰመረባቸውን ቃላት ስታይ ግን ወንድሟ ከእሷ ይልቅ በትክክል እንዳነበበው ተሰማት።

በወለጋ ባላገር አሴና የሚሉት ወግ አለ። አንዲት ልጃገረድ የምትወደውን ሰው የሚያመጣላት ሲጠፋ፣ ራሷ ተነሥታ ወደ ሰውየው ወላጆች ቤት ትሄዳለች፤ ሳትጠየቅ ትገባለች፤ ከምሰሶው አጠገብ ትቀመጣለች። የተቀመጠችውን ማስወጣት ነውር ነው። ብዙ ሰው ይሳለቅባታል፤ ፈላጊ ያጣች ይላታል። ከተማ ውስጥ ያደገ የሸዋ ልጅ ይህን ወግ የሚሰማው እንደ ተረት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በላይ ፍርድ ቤት እንደሄደ ሸዋጌጥ ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች፤ መጽሐፉንና ሁለት ልብስ በትንሽ ሻንጣ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። የበላይ ሚስት በዛብሽ ልብስ እያጠበች ነበር።

"ወዴት ነው?"

"አኖ።"

"አኖ ማን አለ ደግሞ?"

"የባይሳ እናት።"

የሚጨመቀው ልብስ ከበዛብሽ እጅ ወደቀ። "ወይ ጉድ! ለወንድምሽ ምን ልበለው? አላየኋትም ልበለው?"

"አይተሽኛል። እንዳልኩሽ ንገሪው፤ ዋሽተሽ በእኔ ጦስ እንዳትጣዪ። ቁልፉን ክፈቺልኝ።"

በዛብሽ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ከፈተችላት።

የአኖ አውቶቡስ በሰኔ ጭቃ ላይ ሦስት ሰዓት ፈጀ። የባይሳ እናት አዴ ወሰኔ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ባለ የሣር ቤት የሚኖሩ፣ ቁመታቸውን ለልጃቸው ያወረሱ ሴት ናቸው። ተረከዙን ጭቃ የበላው ጫማ ያደረገች የከተማ ሴት ሰላምታ እንኳ ሳትጠብቅ ገብታ ምሰሶው ሥር ስትቀመጥ፣ ለምድጃው ያነሡትን እንጨት እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መንገድ ጠፋሽ?"

"አልጠፋኝም አዴ። ሸዋጌጥ እባላለሁ። አሴና ነው የገባሁት።"

አዴ ወሰኔ እንጨቱን ጣሉት። መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ቀጥለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸው ከበደ። "ይሄ የእኛ ልጆች ወግ ነው። አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ። ማን አስተማረሽ?"

"ሰው ብጠብቅ መጥቶ የሚወስደኝ ሌላ ነው።"

አዴ ወሰኔ የባላቸውን ወንድም ኦቦ ጆቴን አስጠሩ። ኦቦ ጆቴ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርተው በጡረታ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ አንድ ቃል አያጎድሉም እየተባለ ይነገርላቸው ነበር። ሸዋጌጥን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

"የበላይ እህት ነሽ። ወንድምሽን አውቀዋለሁ፤ እሳት ይዞ ነው የሚመጣው።"

"ይምጣ።"

"ወጉ የሚያወራው ስለ እኛ ልጆች ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ኦቦ ጆቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። "እኔ የሰማሁት የገባችውን አታስወጡ ሲል ነው። ከየት እንደመጣች ጠይቁ ሲል አልሰማሁም። ወሰኔ፣ ልጅቷን የሚበላ ስጫት።"

ባይሳ ከሰዓት በኋላ፣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ደረሰ። "ምን አደረግሽ? ወንድምሽ ጠለፋ ብሎ ከሶኛል! እኔ እኮ ሦስተኛ ልልክ ሰዎች አነጋግሬ ነበር..."

"ወደ ማን?"

"ወደ ወንድምሽ ነዋ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ጠየቅህ። እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?"

ባይሳ ሁለቱን ዓመት በልቡ ቆጠረ። ሒሳቡ አልወጣለትም። እናቱ ከኋላው "ጠይቃታ፣ ምን ይገትርሃል!" አሉት በኦሮምኛ።

"ታገቢኛለሽ?"

"አገባሃለሁ። ሥራዬን ግን አልተውም።"

እሑድ ረፋድ ላይ በላይ አሥር አለቃ ባቻ ከሚባል ፖሊስ ጋር መጣ። አቶ ተድላ አብሮ አልመጣም፤ ነገሩን ሲሰማ "ያልፈለገችኝን ሴት በፖሊስ አላመጣም" ብሎ ወደ ጊምቢ ተመልሷል። ግቢው በጎረቤት ሞላ፤ ወንዶቹ በድንጋይና በአግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ። ከተፈረደበት ባይሳ ወህኒ እንደሚወርድ የማያውቅ አልነበረም።

አሥር አለቃው ሸዋጌጥ ካለችበት ድረስ ገብቶ ደብተሩን አወጣ። "እትዬ፣ ማን ነው የጠለፈዎት?"

"ማንም አልጠለፈኝም። በአውቶቡስ መጣሁ። ጠላፊ ካስፈለገዎት እኔን ይጻፉ፤ ባይሳ እኔ ስመጣ እቤቱ እንኳ አልነበረም።"

ከአጥሩ ጥግ ሳቅ ተሰማ። በላይ ግን ለዚህ ተዘጋጅቶ መጥቷል። ካርቦን ቅጁን ከኪሱ አወጣ። "አስገድደው አስጽፈዋታል። ይኸው ማስረጃው፤ አስቀድሞ የታሰበበት ነው።"

"አንብበው" አለች ሸዋጌጥ፣ ከምሰሶው ሳትነሣ። "ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብበው።"

በላይ ቆሞ፣ ችሎት ፊት ክስ በሚያነብበት ድምፅ አነበበው። ኦቦ ጆቴ ሳይጠየቁ፣ እንደ ጥንት ሥራቸው ከጎኑ ቆመው፣ ሁለት ሁለት መስመር እየተቀበሉ በኦሮምኛ መለሱት። ዝናብ ሲወርድበት፣ ጉንጉኑ ሲረግፍ፣ ሰውየው መድረኩን ሲስም ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። አንድ ሽማግሌ "ምስኪን" አለ፤ ሌላው "ቂል ነው እንጂ" አለ። በላይ አራቱን መስመር ሲያነብ ድምፁ ከፍ አለ። ኦቦ ጆቴ ግን አጥሩ ጥግ ያሉትን ሴቶች አዩ፤ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ በቀጥታ ወደ ንጋቱ ተሻገሩ።

"ኦቦ ጆቴ" አለች ሸዋጌጥ። "አራት መስመር ጎደለ።"

ሽማግሌው ዘወር አሉ። "ልጄ፣ በሴትና በወንድ ፊት..."

"ችሎት ላይ ቢሆን ያጎድሉ ነበር?"

ሠላሳ ዓመት አንድ ቃል ያላጎደሉ ሰው አቀረቀሩ። "አላጎድልም ነበር። አሁን ግን አፌ አልደፈረም።"

"የእኔ ይደፍራል።"

ተነሥታ እበሩ ላይ ቆመች። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ የተሰባበረ፣ ቤት የማይመታ። ግን ከአራቱ መስመር አንድም አላስቀረችም። ወንድሟን እያየች፣ ሰውየው ሳንቃውን እንጂ ሴቲቱን እንዳልጠየቀ ተናገረች። "ፉርቱን ነ ቢረ ጂረ!" ስትል፣ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ነው ማለቷ ነው፣ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። የመጨረሻውን መስመር በጩኸቱ ላይ ደገመችው፤ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ በእግሬ።

አሥር አለቃ ባቻ ደብተሩን ዘጋ። "ጌታዬ፣ እኔ እዚህ ጠለፋ አላየሁም።"

በላይ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከነፖሊሱ፣ ከነማስረጃው መጥቶ የእህቱን ቃል በራሱ አፍ ለመንደር ማንበቡ ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱን አዞረ።

"ወጥተሽ ከመጣሽ ሁሉን እረሳዋለሁ። እምቢ ካልሽ እህት የለኝም።"

"ጋሼ፣ አሳድገኸኛል። አልወጣም።"

ኦቦ ጆቴና ሌሎች ሽማግሎች በሰኔና በሐምሌ ሦስት ጊዜ ነቀምቴ ድረስ ለዕርቅ ሄዱ። በላይ አሁን ቁጭ በሉ ይላቸው ነበር፤ የሚበላ የሚጠጣም ያቀርብላቸው ነበር፤ አልታረቅም ግን አለ። ሸዋጌጥ በየሳምንቱ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነቀምቴ እየገባች የሥራ ጓደኛዋ ቤት እያደረች ሥራዋን ሠራች። ዳይሬክተሩ ጠርተው ስለ ትምህርት ቤቱ ክብር ሲነግሯት አዳምጣ ስታበቃ፣ "የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ ይፈርሙልኝ" አለቻቸው። ፈረሙ።

ሠርጉ ሐምሌ አጋማሽ ላይ በጭቃ ተደረገ። አባ ገብረኪዳን በአውቶቡስ መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ የወንዱ ወገን ተናግሮ ሲያበቃ፣ ወጉ የሴቷ ወገን ተነሥቶ እንዲመርቅና አደራ እንዲል ነበር። ኦቦ ጆቴ ዙሪያውን አዩ፤ ከሸዋጌጥ ዘመድ አንድም አልመጣም። አባ ገብረኪዳን ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ ሸዋጌጥ በእጇ እንዲቀመጡ ጠየቀቻቸውና ራሷ ተነሣች። ሙሽራ በሠርጓ ቀን ስትናገር አኖ ታይቶ አያውቅም፤ አዴ ወሰኔ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"አባቴ አርፈዋል፤ ወንድሜ ተቀይሟል" አለች። "የእኔ ወገን እኔው ነኝ። ራሴን ሰጥቻለሁ፤ አደራም የምለው ለራሴ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ካለ እስከ ነገ ማታ እዚህ ነኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ሥራ ላይ ስለሆንኩ ነቀምቴ ይፈልገኝ።"

ሰው ይስቅ ወይም ያጨብጭብ ግራ ገብቶት ባይሳን ተመለከተ። ባይሳ መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን አነሣ፤ ተወውና ከጎኗ ቆመ። ኦቦ ጆቴ ከዘራቸውን አንሥተው የተናገረችውን ለአማርኛ ለማያውቁት በኦሮምኛ መለሱት፤ በዝግታ፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ፣ የሰኞውንም ጭምር።